ሊብሬ የሌለው ብስክሌት ገበያውን እያበላሸ ነው

መኪና የሚገዛ ነጋዴ ከሁሉ በፊት ሊብሬውን ይጠይቃል። የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ካልተመሳከረ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ይኸው ነጋዴ ለልጁ ወይም ለሱቁ ተላላኪ ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ ግን የሚያነሳው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ይይዛል ወይ? የመጨረሻ ዋጋውስ ስንት ነው? ብስክሌቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም «የወንድሜ ነው፤ ውጭ አገር ሄዶ ነው» የሚል መልስ ይበቃዋል። የአዲስ አበባ ብስክሌት ሌባ የሚኖረው በዚህች ክፍተት ነው።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይባላል። የብስክሌት ሌባ ግን የሚሠራው በአመል ሳይሆን በሒሳብ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ወንጀለኛ የሚያገኘውን ጥቅም ከመያዝ ዕድሉና ከሚጠብቀው ቅጣት ጋር እንደሚያመዛዝን አስረድቷል። ሚዛኑ አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጥ ጥቅሙ ማደጉ ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ብስክሌት ከነካላማዳሪውና ከነካቴናው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው አብሮ ወጥቷል፤ ያገለገለውም ተከትሎታል። የመያዝ ዕድሉስ? ብስክሌት ታርጋ የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም። ሌባው ዕቃውን መሸከም እንኳ አያስፈልገውም፤ ዕቃው ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል።

ጉዳቱ በተሰረቀበት ሰው ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳዩ ለፖሊስ ዓምድ ይተው ነበር። ነገር ግን ገበያውም ይከስራል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ እንደጻፈው፣ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካቃተው ለጥሩውም ዋጋ ይቀንሳል፤ ጥሩ ዕቃ የያዘ ሻጭም ከገበያው ይወጣል። የብስክሌቱ ገበያም እንዲሁ ነው። ደረሰኙን በክብር ያስቀመጠ ሰው ብስክሌቱን ሊሸጥ ሲያወጣ የሚነገረው ዋጋ ከተሰረቀው ብስክሌት ዋጋ ጋር የተስተካከለ ነው። ሌባ የመግዣ ወጪ ስለሌለው በሩብ ዋጋም ያተርፋል። ቀረጥ፣ የሱቅ ኪራይና ግብር የከፈለ አስመጪ ከእርሱ ጋር በምን ይወዳደራል?

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ዕቃውን የሚቀበለውንና የሚገዛውን «መሸሸግ» ብሎ ይጠይቀዋል። በሁለቱ መካከል ቆሞ ኮሚሽን የሚቆርጥ ደላላም ከዚህ ራሱን እጅግ ማራቅ አይችልም። ችግሩ ማወቁን ማስረዳቱ ላይ ነው፤ ማንም ካልጠየቀ ማንም «አውቆ» አይገኝም።

መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። አብዛኞቹ ብስክሌቶች ፔዳሉ ከሚዞርበት ቦታ ሥር ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አላቸው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባለቤቶች ብስክሌታቸውን እንዲያስመዘግቡ በሕግ አስገድዳለች። ምዝገባው የሚካሄደውም ብስክሌቱ በተሸጠበት ሱቅ ነው፤ ነጋዴው አነስተኛ ክፍያ ተቀብሎ ቅጽ ያስሞላል፣ መለያ ቁጥር ይለጥፋል። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ብስክሌት የሚሸጡትን፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይም ያገለገለ የሚሸጡትን ነጋዴዎች መለያ ቁጥር ሳይኖረው እንዳይሸጡ ከልክላለች። የመርካቶ ነጋዴ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ደረሰኝ ሲቆርጥ ቁጥሩን አብሮ ቢጽፍ የሚያወጣው የቀለም ዋጋ ብቻ ነው። ያገለገለ የሚሸጥም በሁለት ምስክር ፊት ቁጥሩን የያዘ የሽያጭ ውል ቢያደርግ፣ የሻጩንም መታወቂያ ኮፒ ቢያያይዝ ይበቃል። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ብስክሌት ከቀረበ ምላሹ አጭር ነው፤ አይገዛም።

ከስርቆቱ የከፋው ግን ሕጉ «ውንብድና» የሚለው ነው፤ ባለቤቱ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ የሚፈጸመው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማው አስተዳደር ሞተር ብስክሌቶችን ሲያግድ የሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያና ዝርፊያ ነበር። በፔዳል የሚሄደው ሰው በተቃራኒው ተጠቂ ነው፤ ሮጦ አያመልጥም። አዲስ አበባ ደግሞ የዳገት ከተማ ናት። እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ዳገት ሽቅብ የሚወጣ ብስክሌተኛ ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም። ቸርችልስ ሰው አይጠፋበትም፤ ሰዋራ በሆነው ዳገት ላይ ግን አድፍጦ ለሚጠብቅ ሰው ሥራው ቀላል ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ምክር በከፊል የታወቀ ነው። ሲመሽና ጎህ ሳይቀድ ብቻን አለመሄድ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ አለመመላለስ፣ ስልክን መሪው ላይ አስሮ አለማሳየት፣ ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ አለመድፈን። መንገድ ላይ «አንዴ ቁምልኝ» ለሚል የማያውቁት ሰው ሰዋራ ቦታ ላይ አለመቆምም ጨዋነት ማጣት አይደለም። ጩቤ ከተመዘዘ በኋላ ግን ብስክሌቱን መልቀቅ ነው። ብስክሌት ይገዛል።

እዚህ ላይ ምክሩ ከአሠሪዎች ውል ጋር ይጋጫል። ዕቃና ምግብ በብስክሌት የሚያደርሱ ወጣቶች በርክተዋል። አሠሪው ብስክሌቱን ሲያስረክብ «ከጠፋ ከደመወዝህ ይቆረጣል» ብሎ ካስፈረመ፣ ያ ወጣት ጩቤ ፊት ቆሞ የወራት ደመወዙን እያሰላ ይታገላል። አሠሪው ንብረቱን ያስጠበቀ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን የራሱን ኪሳራ በሰው ነፍስ ላይ ማዛወር ነው። ወጣቱ በቸልተኝነት፣ ለምሳሌ ሳይቆልፍ ትቶት ከጠፋ መጠየቁ አግባብ ነው። ተደብድቦና ተዘርፎ ለፖሊስ ካመለከተ ግን ዕዳው የድርጅቱ መሆን አለበት፤ ይህም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ጥሬ ገንዘብ ማሸከሙም ቢሆን ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ምክንያት የለውም። ኪሱ ባዶ መሆኑ የታወቀ ብስክሌተኛን አድፍጦ የሚጠብቅ ያንሳል።

ስለ ቁልፉ አጭር ነገር ይበቃል። በየሱቁ የሚሸጠው ቀጭኑ ባለሽቦ ቁልፍ በአንድ ፒንሳ ይበጠሳል። ለግቢ በር የሚሆን ወፍራም ሰንሰለትና ደህና ጓጉንቸር ይሻላል፤ እሱም ጎማውን ብቻ ሳይሆን አካሉን ከማይነቀል ብረት ጋር ማሰር አለበት። ጎማውን ብቻ ያሰረ ሰው ሲመለስ ጎማውን ብቻ ያገኛል።

ነገር ግን የማይነቀለው ብረት የታለ? በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በዋና ዋና ጎዳናዎች የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። መንገዱ ብስክሌተኛውን እስከ ባንኩ ደጅ ያደርሰዋል፤ ደጁ ላይ ጥበቃው «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» ይለዋል። ወረፋ ይዞ ልቡ ውጭ የቀረ ደንበኛ በሚቀጥለው ቀን በታክሲ ይመጣል። የሕንፃ ባለቤቶች ይህን እንደ ገበያ ሊያዩት ይገባል። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ እስከ አሥር ብስክሌት ይቆማል። በየመንገዱ ተደራጅተው የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የሚሰበስቡት ወጣቶች ቁጥር ያለው ካርድ እየሰጡ በብስክሌት 5 ብር ቢቀበሉ፣ ቦታው በሞላ ቁጥር 50 ብር ያስገባል። የሚጠየቀው ወጪ ከመሬት ጋር የተበየደ የብረት ማሰሪያና ካርዱን ሳያይ ብስክሌት የማያስወጣ አንድ ሠራተኛ ነው።