የዓሣን ዝንብ በገዛ እጅ ስለ መሥራት

ልጆች ሆይ፥ ዓሣ በመረብና በመንጠቆ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ብዙ ጊዜ ትል ወይም ሥጋ ይሰካበታል። ነገር ግን ትልም ሥጋም የሌለበት ሌላ ዓይነት መንጠቆ አለ፤ ይኸውም ላባና ክር ብቻ ተጠምጥሞበት ዝንብ እንዲመስል የተሠራ ነው። ዓሣውም እውነተኛ ዝንብ ከውኃው ላይ የወደቀ መስሎት ይጐርሰዋል፥ ይያዛልም።

ይህ ጥበብ የዛሬ አይደለም። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ ኤልያኖስ የተባለ የሮም ሰው ስለ መቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች ሲጽፍ፥ በመንጠቆው ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ጠምጥመው ከአውራ ዶሮ ጕሮሮ ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎች ያስሩበት እንደ ነበር ተናግሯል። መቄዶንያ ሐዋርያው ጳውሎስ በራእይ የተጠራባት አገር እንደ ሆነች ታስታውሳላችሁ።

በአገራችን ይህ አጠማመድ የሚስማማው ከሁሉ ይልቅ በባሌ ተራራዎች ነው። በዲንሾ አጠገብ በሚወርደው በዳንካ ወንዝና በዌብ ወንዝ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ብርድ ውኃ የሚወድ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ በእነዚያ ወንዞች ተለቀቀ። ከሆሳዕና እስከ ባሌ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ከመንጠቆው በቀር ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በየቤታችሁ ይገኛል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መንጠቆውን በጠባብ መያዣ አጥብቀው ይይዙታል። ክሩን በሰም ያሹታል፥ እንዳይንሸራተት ነው። ከዚያ በኋላ ክሩን ከመንጠቆው ዐይን ጀምረው እስከ ጕብጠቱ ድረስ ይጠመጥሙታል፤ በዚያም ለጅራት ጥቂት የላባ ጠጕር ያስሩበታል። ለሆዱ ቀጭን የበግ ጠጕር ይጠቀልላሉ። በመጨረሻም ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ አንድ ላባ በዐይኑ አጠገብ ሲያዞሩት፥ የላባው ጠጕር እንደ ዝንብ እግር ዙሪያውን ይቆማል። ክሩን ቋጥረው ይቈርጡታል። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳ ስለ ሆነ ውኃ ጠጥቶ ይሰጥማል፤ የአውራው ግን ጠንካራ ነውና በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ልዩነት ያወቀው ሰው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በጣቱ ነው ያወቀው።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው፥ «ተሠርቶ የሚሸጥ ሳለ ስለ ምን እደክማለሁ?» ይላል። እውነት ነው፥ የተገዛው ብዙ ጊዜ ጀማሪ ከሚሠራው ይልቅ ያምራል። ነገር ግን የገዛ ሰው የዝንቡን ዋጋ ብቻ ያውቃል። የሚሠራው ግን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አስቀድሞ ወደ ወንዙ መውረድና ድንጋይ መገልበጥ አለበት። ከድንጋዩ ሥር ስድስት እግር ያላት ትንሽ ፍጥረት ተጣብቃ ያገኛል። እርስዋም በውኃ ውስጥ ብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ዓመት ኖራ፥ ቀንዋ ሲደርስ ወደ ላይ ወጥታ ክንፍ ታበቅላለች። ክንፍ ካበቀለች በኋላ የሚበላ አፍ የላትም፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አትኖርም። ዓሣውም አፉን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ዓሣ ባይይዝ እንኳ ባዶ እጁን አልተመለሰም እላለሁ።

ደግሞም የተገዛው ዝንብ ከሰማይ አልወረደም። በኬንያ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ዝንብ ያስራሉ፤ ሥራቸውም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተልኮ ይሸጣል። በእጄ አልሠራም የሚል ሰው የሌላውን እጅ ሥራ ይዞ ይሄዳል።

ነገሩን ወደ አገራችን ስንመልሰው ያሳዝናል። በሐዲያና በከምባታ ሸክላ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚፋቀው፥ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ብዙ ዘመን ተንቆ ኖረ። በሠራው ድስት እንበላለን፥ እርሱን ግን ከማዕዳችን እናርቀው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም ሌላውንም ሠራተኛ ማንም በሥራው ምክንያት እንዳይሰድበው በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በአንዳንድ ስፍራ፥ በትምህርት ቤት ሜዳ ሳይቀር ይሰማል። የሸክላ ሠሪን ልጅ አብሮት በአንድ ወንበር እንዳይቀመጥ የሚገፋ ተማሪ ፊደል ቈጠረ እንጂ ተማረ አይባልም። ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታችን ሲጠራቸው መረባቸውን ሲያበጁ ነበር። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር፤ ማንም ስለዚህ መልእክቶቹን አያንስባቸውም።

እናቶቻችሁን ተመልከቱ። እንሰቱን በቀርከሃ ሲፍቁት ሥጋው ለቆጮ ይሆናል፥ የቀረውም ቃጫ ታጥቦና ደርቆ ገመድ ይሆናል። ቃጫውን በጭኗ ላይ ለምትገምድ እናት በመንጠቆ ላይ ክር መጠምጠም ምን ያስቸግራታል? ጥበቡ በቤት አለ፤ የጐደለው ማክበሩ ነው።

በባሌ የሚሠራው ዝንብ በቢላቴ ወይም በጊቤ ሁሉን ዓሣ ይይዛል ብላችሁ እንዳትጠብቁ እነግራችኋለሁ። አምባዛ ምግቡን በሽታና በጢሙ ዳሰሳ ስለሚፈልግ ሽታ የሌለው ላባ ብዙ አያታልለውም። ቆሮሶም አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ይበላል። ለአምባዛ ትል ይሻላል። ይህንም የሚያውቀው ዓሣው ምን እንደሚበላ አስቀድሞ የተመለከተ ነው።

በቅዳሜ ቀን ውኃው ሲጐድል ከታላቅ ሰው ጋር ወደ ቅርቡ ወንዝ ውረዱ፤ በክረምት ሙላት ግን አትቅረቡ። ድንጋይ ገልብጡ፥ ከሥሩ ያገኛችሁትንም በደብተራችሁ ሣሉት፤ እግሩን ቍጠሩ፥ መልኩን ጻፉ። ለበዓል አውራ ዶሮ ሲታረድ የአንገቱን ላባ ከመጣሉ በፊት ለምናችሁ ተቀበሉ። መንጠቆ ሾህ አለውና ታናናሾቻችሁ እንዳያገኙት በቡሽ ላይ ሰክታችሁ አኑሩት። የገለበጣችሁትንም ድንጋይ እንደ ነበረ መልሱት፤ ከሥሩ ለሚኖሩት ቤታቸው ነውና።