ወንፊት ሌላ፣ ደረጃ ሌላ፤ መኪናም እንደዚያው

ዛሬ እሁድ ስለሆነ የዋጋ ዝርዝር የለም። ስለ መኪና ነው የማወራው። አትሳቁ፣ መጨረሻው ቡና ነው።

በሳምንቱ መሃል አንድ የዩኒየን ሰው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቦርዱ ለሥራ አስኪያጁ መኪና ሊገዛ ነው። ግማሹ ሌክሰስ ኤንኤክስ ይገዛ ይላል፣ ግማሹ ራቭፎር ይበቃል ይላል። «ሌክሰሱ ተለቅ ያለ ስለሆነ ለመስክም ይሻላል ተብሏል፤ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ተለቅ ያለ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ።

እስቲ በሜትር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤንኤክስ ርዝመቱ 4.66 ሜትር ገደማ ነው። እሱ ሲወጣ ገበያ ላይ የነበረው ራቭፎር ደግሞ 4.60 ገደማ። ልዩነቱ 6 ሴንቲ ነው፣ አንድ የክብሪት ቀፎ በሉት። ወርዳቸው በ1 ሴንቲ ቢለያይ ነው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ሁለቱም 2.69 ሜትር፣ እኩል ናቸው። አጋጣሚ አይደለም፤ ሌክሰስ የቶዮታ ልጅ ነው፣ ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ዓይነት ፕላትፎርም ላይ ነው። የሃይብሪዶቹ ሞተር እንኳ ያው 2.5 ሊትር ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛው እንደውም የራቭፎሩ ይሰፋል።

ብዙ ሰው «ሌክሰስ» ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው አርኤክስ ነው። እሱ 4.89 ሜትር ነው፣ ሌላ መደብ። ከኤንኤክስ በታች ደግሞ 4.50 የሚሆነው ዩኤክስ አለ። ኤንኤክስ መሃል ላይ ነው። «ኮምፓክት ላግዠሪ» የሚባለው ይሄ ነው፦ መጠኑ የራቭፎር፣ ማዕረጉ የሌክሰስ።

ታዲያ ትርፉ ብር የምን ነው? የዝምታ ነው። የወንበር፣ የቆዳ፣ የአጨራረስ ነው። ውሸት አይደለም፣ አለ። በአንድ ደንበኛዬ ኤንኤክስ ከጅማ አዲስ አበባ መጥቻለሁ፤ ወገቤ እስካሁን ያመሰግነዋል። ግን ለዝምታ እየከፈልክ ስፋት የገዛህ ከመሰለህ ተሸውደሃል።

እኛ የቡና ሰዎች ይሄን መሳት አልነበረብንም። ወንፊት 14 ላይ የቀረ ፍሬ መጠኑን ይነግርሃል እንጂ ጣዕሙን አይነግርህም። ኬንያዎች «ኤኤ» ሲሉ የፍሬውን ትልቅነት ነው፤ እኛ «ደረጃ 1» ስንል እንከኑ ተቆጥሮ፣ ቡናው ተቀምሶ ነው። ጀማሪ ገዢ ሁለቱን ሲያምታታ እንስቅበታለን። መኪና ላይ ስንደርስ ግን እኛው ነን ጀማሪ።

ከ2016 ዓ.ም. ክልከላ ወዲህ አዲስ የነዳጅ መኪና ስለማይገባ ወሬው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። እዚያም ያው ነው፦ ኦዲ ኪው4 እና ቮልስዋገን አይዲ4 በርዝመት ተቀራራቢ፣ ፕላትፎርማቸው አንድ። አርማው ነው የሚለያየው፣ ዋጋውም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ገዢ እንዲህ ባለ መኪና እየመጣ ቢሮዬ ደጃፍ ያቆም ነበር። ሂሳቡን አላየሁም፣ ከዚህ በፊት ከማን ገዝቶ እንዴት እንደከፈለ አልጠየቅሁም። መኪናውን አየሁ፣ በቃ። ለሦስት አቅራቢዎች «እሱ ችግር የለበትም» ብዬ አፌን ሞላሁ፤ ጀንፈሉን በዱቤ ሰጡት። ገንዘቡ ተቆራርጦ ያለቀው በስምንት ወር ነው። አንደኛው አቅራቢ በዚያ መሃል የገበሬ ዕዳ መክፈል አቅቶት በሬ ሸጧል። መኪናው የእህቱ ባል እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው። እሺ፣ ትንሽ አለችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ዱቤ የሚጠይቀኝ ሰው በምን እንደመጣ አላይም። ያለፉትን ሦስት ግዢዎች የከፈለበትን ቀን ነው የምጠይቀው። አንዳንዱ ይቀየማል። ይቀየም።

ለጠየቁኝ የዩኒየን ሰው የመለስኩት ይሄንን ነው፦ ሥራ አስኪያጁ ማጠቢያ ጣቢያ ለጣቢያ በጭቃ የሚዞሩ ከሆነ ሁለቱም መኪና ልክ አይደለም፤ ፒካፕ ይታይ። አዲስ አበባ ከላኪና ከባንክ ጋር የሚውሉ ከሆነ ራቭፎሩ ያው ስፋት አለው። ቦርዱ የግድ ሌክሰስ ካለ ደግሞ የዋጋውን ልዩነት በብር ሳይሆን በዕለቱ ዋጋ ወደ ፈረሱላ ቡና ቀይሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ያቅርብ። አባሉ ብርን ሊረሳ ይችላል፣ ፈረሱላን ግን ተሸክሞታል። እጅ አውጥቶ ካጸደቀው እኔ ምን አገባኝ።

እስካሁን አልመለሱልኝም።

የነገ የጅማና የነቀምቴ ዋጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይለቀቃል። የበቆሎ ጥያቄ የላካችሁ፣ አይቻለሁ፣ አብሮ ይመጣል።