ሰው የለመደ ተኩላ ለማዳ ነውን?

በአውሮፓውያኑ 2012 ሰኔ ወር፣ በስዊድን ኮልሞርደን የእንስሳት ፓርክ አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ወደ ተኩላዎቹ አጥር ገባች፤ በሕይወት ግን አልወጣችም። የገደሏት ተኩላዎች ከግልገልነታቸው ጀምሮ ሰው እንዲለምዱ ተደርገው ያደጉ ነበሩ። ፓርኩ ጎብኚዎችም ተኩላዎችን ቀርበው እንዲያዩ ይፈቅድ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የፓርኩ አንድ ኃላፊ በሥራ ደኅንነት ጉድለት ጥፋተኛ ተብለዋል።

አደጋው ያስነሳው ጥያቄ ዛሬም መልስ ይሻል፦ ሰውና በአጥር ውስጥ የሚኖር ተኩላ ሲቀራረቡ ማን ምን ያተርፋል? ማንስ ምን ያጣል?

መቀራረቡን የሚደግፉ ወገኖች ማስረጃ አላቸው። በኦስትሪያ ኤርንስትብሩን የሚገኘው የተኩላ ሳይንስ ማዕከል ግልገሎችን በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከእናታቸው ለይቶ በሰው እጅ ያሳድጋል። በዚያ ተካሂዶ በ2016 የታተመ ጥናት፣ ተኩላዎቹ ከሚያውቋቸው አሠልጣኞች ጋር ልምምድ ካደረጉ በኋላ ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን በምራቃቸው ውስጥ መቀነሱን አሳይቷል። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ያወጡት ጥናትም፣ በእጅ ያደጉ ተኩላዎች አሳዳጊያቸውን ከእንግዳ ሰው እንደሚለዩና ለአሳዳጊያቸው የበለጠ ቅርበት እንደሚያሳዩ አረጋግጧል።

ይሁንና ሰውን መልመድና ለማዳ መሆን ይለያያሉ። ውሻ የዛሬ ጠባዩን ያገኘው በሺህዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ነው፤ ተኩላ በአንድ ዕድሜ አያገኘውም። ጥናቶቹ ያሳዩት መተማመንም ከሚያውቋቸው ጥቂት ሰዎች ጋር የተገነባ ነው። ከፍሎ ለአጭር ጊዜ የሚገባ ጎብኚ ይህን መተማመን ይዞ አይመጣም። ጎብኚው የማይረሳ ትዝታና ለእንስሳው ፍቅር ይዞ ይመለስ ይሆናል፤ ተኩላው ግን መሸሻ ከሌለው፣ ዝም ብሎ መዳሰሱ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም። በሰው እጅ ያደገ ተኩላ ፍርሃቱን ስለሚያጣም ወደ ዱር መመለሱ እጅግ አዳጋች ነው።

ወደ ዱር መመለስን ዓላማው ያደረገ መቀራረብ በኢትዮጵያ ታይቷል። ከተኩላ ወገን የሚመደበው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም፤ በእንስሳት ማቆያም አይገኝም። በ2020 በስሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ ተይዞ፣ በተራራው ላይ በተዘጋጀ መጠለያ ለ51 ቀናት ታክሟል። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። ካገገመ በኋላ እንቅስቃሴውን የሚጠቁም ማሰሪያ አንገቱ ላይ ተደርጎለት ተለቀቀ፤ ኋላም ተጣማሪ አግኝቶ መውለዱ ተዘግቧል።

በስሜን ሰው የቀረበው ለማከም ነበር፤ ሥራው ሲያበቃ መጠለያው ተከፈተ። የተኩላ ጉብኝት የሚያዘጋጁ ተቋማትም ሆኑ የሚከፍሉ ጎብኚዎች አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ እንስሳው መራቅ ቢፈልግ ይችላል ወይ? መቀራረቡስ ለማን ጥቅም ነው?