የዳገት ፈተና በነጥብ ድምር አይሸፈን

በካርቱም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ በሚገኘው በዐማራት ሰፈር፣ መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩና እንደ ገበታ የተዘረጉ ናቸው። ከተማይቱ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሜዳ፣ ከባሕር ወለል 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ እዚያ መሪ ጨብጦ የተማረ ወገናችን ከድልድይ መውጫ በቀር ዳገት አላየም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከመተማ ቆላ እስከ ጎንደር መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢትዮጵያ በ1964፣ ሱዳን በ1973 በቀኝ መንዳትን ስለ ተቀበሉ፣ ተመላሹ ሾፌር በመስመር ረገድ አይቸገርም። የሚፈትነው ዳገቱ ነው።

ለርሱም ሆነ ከደጋ ወጥቶ ለማያውቀው እጩ ሾፌር ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት በተግባር ፈተና እንዴት ይመዘን?

በዚህ ጊዜ የሚደርሱት ስሕተቶች በዋናው ሁለት ናቸው። አንደኛው የሞተር መጥፋት ነው። ተፈታኙ ያፍራል፣ ከኋላ ያለው ጡሩምባ ይነፋል፤ የእጅ ፍሬኑ እስከ ተያዘ ድረስ ግን የሚጎዳ የለም። ሁለተኛው ወደ ኋላ መንሸራተት ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ፍሬኑ የተለቀቀ መኪና በ2 ሰኮንድ ውስጥ ወደ 2 ሜትር ገደማ ይመለሳል። በገበያ ቀን በዚያ 2 ሜትር ውስጥ አህያ የሚነዳ ገበሬም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃንም ሊኖር ይችላል። ስንቅ የጫነ ካሚዮን ሲሆን ደግሞ የሚያደርሰውን በሠራዊቱ ውስጥ ያሉ ሾፌሮች ከኛ በላይ ያውቁታል፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ የሚወርደው ለጌጥ አይደለም።

እነዚህን ሁለቱን በእኩል ነጥብ የሚቀጣ ፈታኝ የአነሣሥ ማማርን ይመዝናል ማለት ነው። ነጥብ ሁሉ ተደምሮ ማለፊያው ሲወሰን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ መስተዋት በማየትና ምልክት በማሳየት የተገኘው ነጥብ የመንሸራተቱን ጉድለት ይሸፍነዋልና። በብሪታንያ ፈተና እስከ 15 ቀላል ስሕተት የፈጸመ ተፈታኝ ያልፋል፤ አንዲት ከባድ ወይም አደገኛ ስሕተት ግን ብቻዋን ትጥላለች። ተራራማ ለሆነው አገራችን ይህን የመሰለ አመዛዘን ይሻላል እንላለን።

የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ እስኪያደርግ ፍሪሲዮኑን በዝግታ የሚለቅ ተፈታኝ ስለ ዝግታው ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም። ዘመናዊ መኪና ዳገት ላይ ራሱን ይይዛል የሚሉ አሉ፤ በየመንገዳችን ያሉት አሮጌ የጭነት መኪኖች ግን ይህን አያውቁም። በሜዳ አገር የወጣ መንጃ ፈቃድ በኛ ሲለወጥም ባለቤቱ በእውነተኛ ዳገት ላይ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቆሞ እንዲነሣ ይደረግ፤ ከሦስቱ በአንዱ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ተለማምዶ ይመለስ።