“አሞሽ ነው እንዴ?”

ዛሬ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ካመረርኩባችሁ አስቀድሜ ይቅርታ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ47 ዓመት እናት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። ነጠላውን ስታነሳው ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ተጨፍነዋል። ከጆሮዋ ጀርባና ከግንባሯ ጥግ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቷል። ከሁለት ቀን በፊት ፀጉሯን ጥቁር ቀለም ተቀብታ ነበር። “የመጀመሪያዎ ነው?” አልኳት። “አይ ዶክተር፣ ባለፈው ዓመትም ትንሽ አሳክኮኝ ነበር፤ ቀለም ስለሚያቃጥል ነው አሉኝ” አለች።

መድኃኒት ጽፌ ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ዓይኗ አልነበረም። “ልጄ በሦስት ሳምንት ውስጥ ታገባለች። መቼ ነው መልሼ መቀባት የምችለው?” አለችኝ። ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነቱን ቀለም ፈጽሞ መቀባት እንደማትችል ስነግራት አለቀሰች። እብጠቱ ያላስለቀሳትን ሴት፣ ሸብታ በልጇ ሰርግ ላይ መታየቷ አስለቀሳት።

የተናደድኩት በእሷ አይደለም።

መጀመሪያ ፀጉር ቤት ውስጥ የማይነገራችሁን ልንገራችሁ። ጥቁርና ጥቁር ቡኒ የሆኑት አብዛኞቹ ቋሚ ቀለሞች ውስጥ ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን፣ ባጭሩ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2006 እ.ኤ.አ. የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ፀጉር ላይ ሲደርስ መጠኑ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። የዚህ አለርጂ ክፋቱ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ያለምንም ችግር ስትቀቢ ቆይተሽ በአሥራ አንደኛው ሊነሳብሽ ይችላል። አንዴ ሰውነትሽ ከለየው ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ቀጣዩ ጊዜ ከቀደመው ይብሳል። “ትንሽ ያሳክከኛል” ማለት ማስጠንቀቂያ ነው፤ የታካሚዬ ማስጠንቀቂያ ዓምና መጥቶ ነበር፣ የተረዳላት ግን አልነበረም።

“የእኔ እኮ አሞኒያ የለውም!” የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አሞኒያ የሚሸተው፣ ዓይን የሚያስለቅሰውና የፀጉሩን ቅርፊት የሚከፍተው ነው። አለርጂውን የሚያመጣው እሱ አይደለም። አሞኒያ የሌለው ቀለም ፒፒዲ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አለው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትታችሁ ከጀርባው በትንንሹ የተጻፈውን አንብቡ። “እኔ ሂና ነው የምቀባው” ለምትሉም፦ እውነተኛ ሂና ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው የሚያወጣው። ሂና ተብሎ ተሽጦ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር ካደረገ፣ ፒፒዲ ተቀላቅሎበት ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አምራቾቹ ራሳቸው ከመቀባታችሁ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ሞክሩ ብለው ይጽፋሉ። (ከዚህ በፊት ያበጠባችሁ ግን ይህንንም ቤታችሁ እንዳትሞክሩ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።) እስቲ እውነቱን እንነጋገር፦ ከሁለት ቀን በፊት ጠርቶ የሞከረላችሁ ፀጉር ቤት አለ? ገብታችሁ፣ ተቀብታችሁ፣ ካስክ ውስጥ ተቀምጣችሁ ነው የምትወጡት። ቀለሙን በባዶ እጇ የምትበጠብጠው ልጅ ደግሞ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው እኔ ጋ ትመጣለች። ካንሰርን በተመለከተ “ቀለም የተቀባ ሁሉ ይታመማል” እያሉ የሚያስፈራሩትን አልደግፍም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለራስ መቀባትን በተመለከተ ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ አላገኘም። የፀጉር ሠሪነትን ሥራ ግን “ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የሚያመዝን” ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። ስለዚህ ለራሳችሁ ባትፈሩ እንኳ፣ ለዚያች ልጅ ጓንት ጠይቁላት።

አሁን ወደ ንዴቴ። ቋንቋችንን ተመልከቱት። ወንዱ ሲሸብት ሽማግሌ ይሆናል፤ ለዕርቅ ይጠራል፣ ልጅ እንዲጠይቅ ይላካል፣ ሲገባ ከመቀመጫ ይነሱለታል። ሴቷ ስትሸብት አሮጊት ትባላለች፣ ቃሉም ስድብ ነው። ባል ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ከጎኗ ቆሞ “አንቺ ግን ለምን ራስሽን ጣልሽ?” ይላታል። ይህንን ከባሎች ብቻ የምንሰማ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አብዝተን የምንባባለው እኛው ሴቶች ነን፤ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ በቢሮ መተላለፊያ።

ከራሴ ልናገር። እኔም ለብዙ ዓመታት ተቀብቻለሁ፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ የቅዳሜ ከሰዓቴን ሰጥቼ። የተውኩ ሰሞን ስሩ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ስታይ፣ የማውቃቸው ሁሉ “ምነው? አሞሽ ነው እንዴ?” ይሉኝ ነበር። አንዲት ባልደረባዬማ በሹክሹክታ የደም ምርመራ ውጤቴን ጠየቀችኝ! አልደብቃችሁም፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ ተቀብቻለሁ። አለርጂም አልነበረብኝም፤ የሰው ዓይን ነው የመለሰኝ። ስለዚህ መቀባት የምትወጂ ሴት ብትኖር፣ ካልጎዳሽ ተቀቢ፣ የእኔ ጠብ ከአንቺ ጋር አይደለም። ፊቷ አብጦ “መቼ ልቀባ?” እንድትል ካደረጓት ጋር ነው።

መተው ለምትፈልጉ፦ ፀጉር በወር በግምት 1 ሳንቲሜትር ነው የሚያድገው። 30 ሳንቲሜትር ፀጉር ያላት ሴት ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣላት ሁለት ዓመት ተኩል መታገስ አለባት ማለት ነው። ድፍረቱ ላላት፣ አሳጥሮ መቆረጥ ፈጣኑ መንገድ ነው። ሹሩባ ድንበሩን ይሸፍናል፤ ግን አታጥብቁት፤ ከግንባር በኩል የሚነቀለው ፀጉር ላይመለስ ይችላል። ቶሎ አንድ ዓይነት እንዲሆን ብላችሁ ጥቁሩን በኬሚካል ለማንጣት አትቸኩሉ፤ ፀጉሩ ይሰባበራል። ሽበት ደረቅ ማለት ይወዳል፣ ቅባት አትንፈጉት።

ሽበትን ከስሩ መልሶ ያጠቁራል ብለው በቲክቶክ የሽንኩርት ጭማቂና የጥቁር አዝሙድ ዘይት የሚሸጡትንስ? ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ሲያልቁ የሚተካቸው ዘይት የለም። ከ30 ዓመት በፊት ብዙ የሸበታችሁ ግን ገንዘባችሁን ለዘይት ሳይሆን ለምርመራ አውሉት፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ።

ያቺ እናት ትናንት ለክትትል መጥታ ነበር። እብጠቱ ወርዷል፣ ዓይኖቿ ተከፍተዋል። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሙሽራዋ “እማዬ፣ እንዳለሽ ነይ” ብላታለች። አክስቶቹ ግን ዊግ እየፈለጉላት ነው። እሷ ገና አልወሰነችም።