የገበሬው ቁጠባ ዋሱ ማነው?

«የክልል መብት ይከበር» ሲባል እጁን የማያወጣ ተማሪ ጥቂት ነው። እኛም እናወጣለን። ገንዘብ ላይ ሲደርስ ግን እጃችን ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ የማን ገንዘብ ነው? ማንስ ይጠብቀዋል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ብሔራዊ ባንክን ለፌዴራሉ ሰጠ። በአንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ተለይቶ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልል ነው አለ። እንግዲህ ይህን መካነ ሰላም ላይ ቆመን እንየው።

የቦረና ገበሬ ጤፉን ሸጦ የተረፈችውን ብር የሚያስቀምጥበት ሁለት በር አለው። አንደኛው ባንክ ነው፤ ፀደይን እንውሰድ። በ1989 ዓ.ም. አብቁተ ተብሎ ፈቃድ ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ባንክ የሆነው ማለት ነው። ባለቤቶቹ የክልሉ መንግሥትና የክልሉ ድርጅቶች ቢሆኑም ተቆጣጣሪው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው በር የቀበሌው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይህንን ብሔራዊ ባንክ አያየውም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚያደራጀውም፣ የሚመዘግበውም፣ ሒሳቡን የሚመረምረውም የክልሉ የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቋመ። ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ቢወድቅ ለአስቀማጩ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግን ፈንዱ ውስጥ የለም። ያው ገበሬ፣ ያው ጤፍ፣ ያው ብር! በአንዱ በር ከገባ ዋስ አለው፤ በሌላው ከገባ የለውም። በሩ ላይ ይህን ጽፎ የለጠፈለት አለ?

«ፌዴራሉ እጁን ካስገባ የክልሉ መብት ተነካ» የሚሉን ጓደኞች አሉ። የማን መብት? ይህን ያህል ማኅበር አደራጀሁ ብሎ በየዓመቱ ሪፖርት የሚጽፍ መሥሪያ ቤት፣ ያደራጀሁት ከሠረ ብሎ ይጽፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ለአዲስ አበባም አናጎበድድም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲያዝ፣ ለፎቅ የሚያበድረውንና ለበሬ መግዣ የሚያበድረውን በአንድ ቁና ሰፈራቸው። የዋጋ ንረትን ለመግታት ነው አሉን። እና ዋጋውን ያናረው የቦረና በሬ ነው?

የምንለው ይህ ነው። ክልሉ ያደራጅ፣ ያሠልጥን፤ ሒሳቡን ግን ሌላ ይመርምር። መርማሪው ብሔራዊ ባንክ ከሆነ ደግሞ ለገጠሩ አበዳሪ የተለየ መለኪያ ያውጣ፤ የማኅበሩም ቆጣቢ መድኑ ውስጥ ይግባ። አይሆንም የሚል ጓደኛ ካለ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው፤ ይጻፍበት።