ኢንሱሊኑ ሻንጣ ውስጥ ነበር

ባለፈው ወር ረቡዕ ማታ ልጄ ደወለና «እማዬ፣ ነገ ማታ ለሥራ ቻይና፣ ጓንጁ ልሄድ ነው» አለኝ። ሊሄድ የነበረው ባልደረባው ታሞ ነው፤ ለልጄም በተጠባባቂነት ቪዛ ወጥቶለት ነበር። ከተማውን ግን አያውቀውም፤ የስኳር ሕመምም አለበት። ሐሙስ ልሸኘው ስሄድ ኢንሱሊኑን ለጭነት በሚሰጠው ትልቁ ሻንጣ፣ ካልሲዎቹ መሀል አገኘሁት።

ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ ኢንሱሊን ደግሞ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አያገለግልም። ስለዚህ ከሐኪም ማስረጃ ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ለጉዞው ከሚበቃው እጥፍ ይሁን፤ ስኳር ቢወርድ የሚቀመስ ከረሜላም አይረሳ። ጓንጁ በ5 ሰዓት ይቀድመናል፤ እዚህ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ቀኑ ስለሚያጥር የመርፌውን ሰዓትና መጠን ሐኪም ቀድሞ ይወስን። ለልጄም ሐኪሙ በስልክ አስተካከለለት።

ሻንጣው የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። መርፌው ግን አንድም ቀን አላመለጠውም። የ34 ዓመት ሰው ሻንጣ መፈተሽ ያሳፍር ይሆናል፤ እኔ ግን አላፈርኩም።